የቆመ ሞተር ሙቀት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ኬክ ቆረሰልኝ። ሥራ አስኪያጁ፣ ልጄ የሚሆን ሰው ነው፣ ብድግ አለና፣ “ማማ ስንዱ ባወጣችው ስሌት አንድም ሞተር ተቃጥሎ አያውቅም” ብሎ ተናገረ። ተጨበጨበ። እኔም ፈገግ ብዬ ኬኬን በላሁ። ውሸት ነው። አንድ ሞተር ተቃጥሏል፤ በዚያ ሞተር ሰበብም የአንድ ትልቅ ባለሙያ ስም ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ድሮም መቀመጥ የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ እናቴ በልጅነቴ “ይህቺን ልጅ ምን ነከሳት?” ትል ነበር። አሁን ግን ባሰብኝ። ጠዋት ተነስቼ የናይሮቢ ሰፈሬን፣ ፓርክላንድስን፣ አንድ ጊዜ እዞራለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ቁም ሣጥኑን ገልብጬ አስተካክላለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። ልጄ፣ “እማዬ ፕሊዝ፣ ሪታየር አደረግሽ እኮ፤ ሳሳ ምን ጎደለሽ?” ትለኛለች፤ በስዋሂሊ “አሁን” ማለቷ ነው። ምን እንደጎደለኝ ለእሷ ከመንገር መጻፉ ይቀለኛል። ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው፤ ከወንበሩ ከተነሳሁ አልመለስም።

ሙያዬ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ምን ያህል እንደሚግል አስቀድሞ መናገር ነው። ይህ ሥራ ነው ወይ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ሥራ ነው። አንድ ሞተር ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ሲሠራ አንድ ዓይነት ይግላል፤ አራት ደቂቃ ሠርቶ ስድስት ደቂቃ ሲያርፍ ሌላ ዓይነት ይግላል፤ በየደቂቃው እየተነሳና እየቆመ ሲውል ደግሞ ሌላ ነው። ሞተርን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የጭነቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ የፊተኛው ሙቀት ሳይወጣለት የሚቀጥለው ሥራ ሲመጣበት ነው። ሙቀቱ እንደ ደረጃ እየተደራረበ ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ ከረጋ ሞተሩ ይኖራል፤ ሳይረጋ የሽቦው ልባስ የሚችለውን ካለፈ ይቃጠላል። ዛሬ ልጆቹ ሲሙሌሽን ይሉታል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሞተሩ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ሲለወጥ እያዩ ሻያቸውን ይጠጣሉ። በእኛ ጊዜ በእርሳስና በካልኩሌተር ነበር። እኛ “የወረቀት ሞተር” እንለው ነበር።

ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሬ አቃቂ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ክፍል ገብቼ ነበር። ደመወዙ ደህና ነበር፤ ሥራውንም እወደው ነበር፤ ዘመኑ ግን ከፋ። ደርግ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወንድሜ ተወሰደ። ቀጥሎ የእኔም ስም በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሳ ብለው ነገሩኝና በሞያሌ በኩል ወጣሁ። ናይሮቢ ስገባ ያለኝ አንድ ሻንጣና የትምህርት ቤት ሰርተፊኬቴ ነበር። እዚሁ ፓርክላንድስ፣ ከአንድ የህንድ ቤተሰብ ግቢ ጓሮ፣ አንዲት ክፍል ተከራየሁ።

ሥራ ያስገቡኝ ጋሽ ክፍሎም ናቸው። የአስመራ ሰው ናቸው፤ ካቶሊክ። ሙያውን ከጣሊያኖች ጋራዥ ተምረው፣ አዲስ አበባም ፒያሳ ጥቂት ዓመት ሠርተው፣ ገና በንጉሡ ጊዜ ናይሮቢ የገቡ። ኢንዱስትሪያል ኤርያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር በነበረ አንድ የሞተር ጥቅለላ ወርክሾፕ ዋናው ፉንዲ፣ ዋናው ባለሙያ፣ እሳቸው ነበሩ። ከከተማው ዳር እስከ ዳር የተቃጠለ ሞተር ወደ እሳቸው ይመጣል፤ የተቃጠለውን ሽቦ አውጥተው በአዲስ ይጠቀልሉታል። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነበር፤ ሲቆጥሩና ሲቆጡ ብቻ ጣሊያንኛ ይገባበታል።

መጀመሪያ ቀን፣ “ምን ትችያለሽ?” አሉኝ።

“ስሌት እችላለሁ።”

“ስሌት ያለው በወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀት አይግልም። እስኪ ይህን ጠቅልይ።” ሽቦና የእንጨት ቅርጽ ሰጡኝ።

ፈጥኜ ጠቀለልኩ። ዙሩን አንድ በአንድ በጥፍራቸው እየነኩ ቆጠሩ። “ፈጣን ነሽ። ልክም ነው። ግን ስትጠቀልዪ ሦስት ጊዜ ተነስተሻል፤ አይቼሻለሁ” አሉና ሳቁ። “በይ ነገ በጠዋት ነይ።”

የእሳቸው ነገር ብዙ ነው፤ ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ። ሥራ ሲጀምሩ የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ከሸሚዛቸው ኪስ ይከቱና፣ የሞተሩን ገላ በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ ይነኩታል። እጃቸውን እዚያው አድርገው ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ እያሉ ይቆጥራሉ። እጃቸው የቻለው እስከ ሰባት ከሆነ “ይህ የሰባት ነው” ይላሉ፤ እስከ ሦስት ከሆነ “የሦስት ነው፣ አጥፉት”። ቴርሞሜትሩ እየተፈለገ እሳቸው ጨርሰዋል። ሁለተኛው ነገር፣ ሞተር ተፈትኖ ሲጠፋ ሁሉም ሰው ሲሄድ እሳቸው አይሄዱም። ባዶ ሳጥን ገልብጠው ከቆመው ሞተር አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሻያቸውን እዚያ ያስመጣሉ፤ አልፎ አልፎ እጃቸውን ጣል ያደርጉበታል።

“ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ፣ ጠፍቷል እኮ” እላቸው ነበር።

“ገና አልጨረሰም።”

“ቆሞ ምኑን ነው የሚጨርሰው?”

“እኔ ምን አውቄ፤ አንቺ ነሽ የተማርሽው” ብለው ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፤ ሁላችንም እንስቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጋሼ ምን አግኝተው ነው አላልኳቸውም። ለዚያ የሚሆን ትዕግሥት አልነበረኝም።

የወርክሾፑ ባለቤት ሚስተር ሱራጅ ነጋዴ እንጂ የሞተር ሰው አልነበረም። ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ወረቀት ይወድ ነበር። አንድ ጊዜ ከውጭ ሲመለስ ፕሮግራም የሚይዝ ካልኩሌተር ይዞ መጣና፣ “ከእናንተ ውስጥ ይህ የሚገባው ማን ነው?” አለ። እኔ ገባኝ። ሁለት ሳምንት ውስጥ ሞተሩን በየደቂቃው የማስላበት ዘዴ አወጣሁ፤ በዚህ ደቂቃ ምን ያህል ሙቀት ገባ፣ ምን ያህል ወጣ፣ ምን ቀረ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ደቂቃ። ሚስተር ሱራጅ ሠንጠረዡን አየና በደስታ ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ በኋላ ለደንበኞቹ ጥቅለላ ብቻ ሳይሆን ስሌትም መሸጥ ጀመረ። እኔም ከጥቅለላው ጠረጴዛ ተነስቼ የራሴ ወንበር ያለኝ ሰው ሆንኩ፤ ብዙም ባልቀመጥበት።

ለስሌቱ የሚሆነውን ቁጥር የምናገኘው ከፍተሻ ነው። ሞተሩን ከወለሉ ጋር እናስረዋለን፤ በዘንጉ ላይ በክብደት የሚጠብቅ የቆዳ ቀበቶ እንጠመጥማለን፤ ቀበቶው እየፈተገ ሞተሩን ያስጨንቀዋል። ሁለት ቀጫጭን የሙቀት መለኪያ ሽቦ፣ አንዱን ከጥቅሉ ውስጥ፣ አንዱን ከገላው ላይ እናደርጋለን። ኦቲየኖ የሚባል የወርክሾፑ ሠራተኛ ክብደቱን ይጨምራል፤ እኔ በየደቂቃው የመለኪያውን መርፌ አይቼ እጽፋለሁ። ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። ሞተሩ ሲጠፋ ታዲያ ፀጥታው ራሱ ደወል ነው፤ ኦቲየኖ “ቻይ! ቻይ!” ይላል፤ ሁላችንም ወደ ጓሮ እንወጣለን። እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ የተለመደ ነገር ነው። ሻይ የሚጠጣው ሞተሩ ሲቆም ነው፣ አለቀ። ስንመለስ ሞተሩ ቀዝቅዟል፤ በወረቀቴ ላይ የዕረፍቱ ሣጥኖች ባዶ ናቸው።

ባዶውን ምን አደረግኩት? ሞላሁት። ሞተሩ በሠራበት ጊዜ ሙቀት የሚያወጣበትን ፍጥነት አውቀዋለሁ፤ ሲያርፍም በዚያው ፍጥነት ያወጣል ብዬ ጻፍኩ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የሚዞረው በራሱ በሞተሩ ዘንግ ነው። ሞተሩ ሲቆም ማራገቢያውም ይቆማል። ይህን ማንኛውም ጀማሪ ያውቃል፤ እኔም አውቀው ነበር፤ ግን ሻይ ላይ ነበርኩ።

ኢምባካሲ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ አንድ የጭነት መጋዘን የዕቃ ሊፍት ነበረው። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ በዝቶባቸው ሊፍቱ ቀድሞ ከሚመላለሰው እጥፍ እንዲመላለስ ፈለጉ። ጥያቄያቸው፣ የድሮው ሞተር ቢጠቀለል ይበቃል ወይስ ትልቅ እንግዛ ነው።

ጋሽ ክፍሎም ሞተሩን አይተው ወዲያው መለሱ። “ትልቅ ይግዙ። ካልሆነ ለብቻው የሚዞር ማራገቢያ ይደረግለት።”

“ለምን?” አለ ሚስተር ሱራጅ።

“ዕረፍቱ አይበቃውም።”

“ስንዱ፣ አንቺስ?”

ሠንጠረዡን ዘረጋሁ። አራት ደቂቃ ሥራ፣ ስድስት ደቂቃ ዕረፍት፤ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ይወጣና አንድ መቶ አሥራ ስምንት ዲግሪ ላይ ይረጋል። ልባሱ እስከ አንድ መቶ ሠላሳ ይችላል። “ይበቃዋል” አልኩ።

ጋሽ ክፍሎም ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ “ስድስቱን ደቂቃ ለክተሽዋል?” አሉኝ።

“ስሌቱ ውስጥ አለ፣ ጋሼ።”

“ስሌቱ ውስጥ መኖሩን አልጠየቅኩም።” ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ “ማ ቫ ቤኔ” ብለው በጣሊያንኛ እሺ አሉና ሞተሩን ሊጠቀልሉ ሄዱ። እንዴት አድርገው እንደጠቀለሉት ባያችሁ። እንደዚያ ያለ የጥራት ሥራ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

ሞተሩ ሁለት ሳምንት ሠራ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቃጠለ። ጭነቱ በሁለት ፎቅ መሃል ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ሰው አልተጎዳም፤ ዕቃው ግን አውሮፕላኑ አመለጠው። ደንበኛው በስልክ ሲጮህ ድምፁ ወርክሾፑ ድረስ ይሰማ ነበር። ሚስተር ሱራጅ ሁለታችንንም ጠራን።

“ስንዱ፣ ስሌቱ ትክክል ነው?”

“ትክክል ነው” አልኩ። ያን ሰዓት አምኜ ነው የተናገርኩት።

“እንግዲያው ጥቅሉ ነው።”

ጋሽ ክፍሎም፣ “ሞተሩ ይምጣና ልየው” አሉ።

“ሰዎቹ እርስዎ ሞተራቸውን ዳግመኛ እንዲነኩት አይፈልጉም። ለጊዜው ቤትዎ ይረፉ፣ ፉንዲ። ዕድሜም አለ፤ ዓይንም ይደክማል።”

ጋሽ ክፍሎም ከኪሳቸው ቀለበታቸውን አውጥተው አጠለቁና ወጡ።

ሞተሩ በሁለተኛው ቀን መጣ። ብቻዬን ከፈትኩት። የጥቅለላ ስህተት ከሆነ ቃጠሎው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አንድ ሽቦ ተልጦ፣ አንድ ጥግ ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ይህ ግን ሦስቱም ፌዝ፣ ማለት ኤሌክትሪኩ የሚገባባቸው ሦስቱ የሽቦ ክፍሎች፣ ዙሪያውን እኩል ከሰል ሆነዋል። እጅ ያጠፋው ጥፋት አይደለም። ሞተሩ በሙሉ ከአቅሙ በላይ ግሏል። ስህተቱ የስሌቱ ነው።

እንግዲህ የምነግራችሁ ይህንን ነው። በዚያው ሳምንት የሥራ ፈቃዴ፣ ፐርሚቴ፣ ሊታደስ ነበር። ለዚያ ሚስተር ሱራጅ ስለ እኔ ደብዳቤ መጻፍ አለበት፤ ይህች ሴት የምትሠራውን ስሌት በቀላሉ የሚሠራ አይገኝም ብሎ። ስሌቱ ተሳስቷል ካልኩ ደብዳቤ የለም፤ ደብዳቤ ከሌለ ፐርሚት የለም፤ ፐርሚት ከሌለ ወደ ሞያሌ ነው። ፈራሁ። ኦቲየኖ መጥቶ እንደ ወትሮው፣ “ይህን ልውሰደው?” አለኝ። የተቃጠለ ጥቅል ምድጃ ገብቶ መዳቡ ለቁራሌው ይሰጣል። “ውሰደው” አልኩት።

በሚቀጥለው ቀን ተመሳሳይ ሞተር አስሬ ፍተሻውን ደገምኩ። ሲጠፋ “ቻይ!” ተባለ፤ ሁሉም ወጣ። እኔ ሳጥን ገልብጬ ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ። እርሳሴን እያኘክሁ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ። የገላውን ሙቀት የሚያሳየው መርፌ፣ ሞተሩ ቆሞ እያለ፣ ወደ ላይ ወጣ። ከውስጥ ያለው ሙቀት መውጫ አጥቶ ወደ ገላው እየመጣ ነው። የጥቅሉ መርፌ ደግሞ የሚወርደው በቀስታ ነው፤ እኔ ከገመትኩት ሦስት እጥፍ የዘገየ። ባዶዎቹን ሣጥኖች ሞልቼ እንደገና አሰላሁ። ደረጃው አንድ መቶ ሠላሳን አልፎ፣ አንድ መቶ ስድሳንም አልፎ ሄደ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ፐርሚቱ ሰባት ወር ፈጀ። ዛሬ ነገ እያሉ፣ አንድ ወረቀት ጎደለ፣ አንድ ፊርማ ቀረ እያሉ። ሰባቱንም ወር ያ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጋሽ ክፍሎምም እዚሁ ፓርክላንድስ ነበር የሚኖሩት፤ በደጃፋቸው ላለማለፍ ስል ወደ ማታቱው፣ ወደ ሚኒባስ ታክሲው፣ መቆሚያ በሌላ መንገድ እዞር ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ገበያ ውስጥ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። “ደህና ነኝ፣ እያረፍኩ ነው” አሉኝ፤ ስለ ሞተሩ ምንም አላነሱም። እኔም ለራሴ፣ እሳቸው እኮ ያውቃሉ፣ ዕረፍቱ አይበቃውም ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ እጃቸው እንዳልሳተ አይጠፋቸውም አልኩ። በዚህ ተጽናናሁ። የተቃጠለውን ሞተር ግን አላዩትም። ሦስቱም ፌዝ እኩል መጥቆሩን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይህ ሰባት ወር ሙሉ ትዝ አላለኝም ብል ማንም አያምነኝም፤ እኔም አላምንም።

ፐርሚቱ በእጄ በገባ ዕለት ወረቀቱን ሚስተር ሱራጅ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አንብቦ ሲጨርስ ተቆጣ፤ ከዚያ ለደንበኛው ደብዳቤ አጻፈ። “ጥቅሉ ደህና ነበር፤ ስህተቱ የስሌቱ ነው” የሚል። እኔ ፈረምኩበት። ወረቀቱን መልሶ ሰጥቶኝ፣ “ሂጂ ጥሪያቸው፣ ሰኞ ይግቡ” አለኝ። አላባረረኝም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ጋሽ ክፍሎም ተመልሰዋል። ብዙ ዓመት አብረን ሠራን፤ ሞተር ሲቆም ሁለት ሳጥን ይገለበጥ ጀመር። እኔም ከዚያ ወጥቼ እዚሁ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ፣ የሊፍት ሞተሮች ላይ፣ በኋላም የውኃ ፓምፖች ላይ ሠርቻለሁ፤ የቆመ ሞተር ሳልለካ የፈረምኩት ወረቀት የለም። ነገር ግን ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚያች እሑድ ስል ነው።

ከቅዳሴያቸው መልስ ቤታቸው ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት፤ የምሥራች ይዤ እንደሚሄድ ሰው። ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን በሩን ከፈቱልኝ፤ አቅፈው ሳሙኝ። ጋሽ ክፍሎም ሳሎን ተቀምጠው ነበር፤ ወፍራም መነጽር አድርገዋል። በመነጽር አይቻቸው አላውቅም።

“ዓይንዎን አመመዎት እንዴ፣ ጋሼ?”

እትዬ ለተብርሃን ቀደሟቸው። “ሐኪሙስ ምንም የለውም ብሎ ነበር። እምቢ አለ፤ የሆነ ቦታ ሽቦውን ልጬዋለሁ፣ ዓይኔ ነው፣ ዓይኔ ነው እያለ አስገዛን። ማታ ማታ እዚህ ቁጭ ብሎ በመርፌና በክር ነው ዓይኑን የሚፈትነው፤ በቀዳዳው እያስገባ፣ እያወጣ።”

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ስናገር ቃሉ እየተምታታብኝ፣ ሦስቱም ፌዝ እኩል ጠቁሮ እንደነበር፣ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ፣ ሰኞ እንዲገቡ ነገርኳቸው። መነጽሩን አውልቀው አነበቡ።

“ሦስቱም እኩል?”

“ሦስቱም እኩል።”

“የተላጠ ቦታ የለም?”

“አንድም የለም፣ ጋሼ።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ገልብጠው አዩት። ፊታቸው በራ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ አላቸው፤ “ስሌት ማንም ይሳሳታል፤ እኔስ ስንት ሞተር አቃጥያለሁ” ብለው ሊያጽናኑኝ ጀመሩ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ወረቀቱ ራስጌ ሄደ። የፍተሻ ወረቀት ላይ ቀን መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጽፌዋለሁ።

“ይህ ከፋሲካ በፊት ነው” አሉ።

“አዎ።”

“ሞተሩ በተቃጠለበት ሳምንት።”

“አዎ፣ ጋሼ። ፐርሚቴ እስኪወጣ ነው። ከተናገርኩ ይመልሱኛል ብዬ።”

እትዬ ለተብርሃን ወደ ማድ ቤት ገቡ። ጋሽ ክፍሎም ወረቀቱን በነበረበት እጥፋት አጠፉና መለሱልኝ። አልተቆጡም፤ አንድም የጣሊያንኛ ቃል አልወጣቸውም።

“ለእኔ ብቻ ብትነግሪኝ እኮ” አሉኝ፣ “ለማንም አልናገርም ነበር።”